እስትንፋስ በደመወዝ ይሸጣልን?

ፎርማልዴሃይድ የሚባለው፣ መልክ የሌለው ሽታው ግን አፍንጫን የሚሰነፍጥ ጋዝ፣ ችፑድ በሚጣበቅበት ሙጫ፣ እንዳይጨማደድ በሚዘጋጅ ጨርቅ፣ በውኃም ተበጥብጦ ፎርማሊን በሚል ስም በሬሳ ማቆያና በሐኪም ቤት ቤተ ሙከራ ውስጥ ይገኛል። ከዓይንና ከጉሮሮ እርጥበት ጋር ፈጥኖ ስለሚዋሐድ፣ ወደ ሥራው አዲስ የገባ ሰው ዓይኑ ያነባል፣ ጉሮሮው ይከረከራል፣ ያስለዋልም፤ ውሎ ሲያድር ግን አፍንጫው ሽታውን ይለምድና፣ ዘበኛው ባንቀላፋበት በር እንደሚገባ ሌባ፣ መርዙ ሳይታወቅ ይገባል። «ለመድሁት» የሚለው ሠራተኛ ሁሉ ዳነ ማለት አይደለም።

ይሁን እንጂ ነገሩን በባሕርዩ ክፉ ነው ብሎ መኰነን፣ ግዙፉን ቁስ ሁሉ ክፉ ያለውን የማኒን ኑፋቄ መድገም ይሆናል፤ የመንጋጋ ቆልፍ መርዝ ኃይሉን አጥቶ ክትባት እንዲሆን ያደረገው፣ በ1955 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለሕዝብ በቀረበው በዮናስ ሳልክ የፖሊዮ ክትባት ውስጥም ተዋሲውን የገደለው ይኸው ፎርማልዴሃይድ ነውና። ስለዚህ ምርመራችን ወደ ሰው ፈቃድ ይመለሳል፤ ሠራተኛው ወዶ ገብቶ ደመወዙን ከተቀበለ፣ አሠሪው ከደሙ ንጹሕ ነውን?

ልጆቹ የሚበሉትን ያጣ ሰው የሚሰጠው ፈቃድ እኩሌታው የረኃብ ፈቃድ ነው። ነገር ግን ባለጸጋ እንኳ ቢፈቅድ፣ ሰው ጕልበቱንና ጊዜውን ያከራያል እንጂ፣ ፈጣሪው እፍ ብሎ በአፍንጫው ያኖረበትን እስትንፋስ አደራ ስለ ሆነ ሊሸጠው ሥልጣን የለውም፤ ገዥውም የማይሸጠውን እንደ ገዛ ይቈጠራል። ወታደርስ፣ ጕድጓድ ቆፋሪስ ነፍሱን ለአደጋ አሳልፎ ይሰጥ የለምን? የሚል ቢኖር፣ ማንም ሊያስቀረው የማይቻል አደጋና በአየር መሳቢያ ዋጋ የሚቀር አደጋ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም።

ኦሪት በዚህ ረገድ ከብዙ ፈላስፎች ይልቅ ጥንቁቅ ናት፤ በዘጸአት ምዕራፍ 21 በሬው ተዋጊ መሆኑ አስቀድሞ የተነገረው ባለቤት ሳይጠብቀው ቀርቶ ሰው ቢገድልበት፣ ካልተነገረው ባለቤት ይልቅ ይጠየቃል፤ በዘዳግም ምዕራፍ 22ም ሰው ወድቆ የደም ዕዳ እንዳይመጣ የቤት ሠሪው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያቆም ታዟል። ፍርዱ በዕውቀት ላይ የቆመ ነው፤ ዕውቀቱም ጐድሎናል ማለት አይቻልም። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ በ1700 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ስለ ሠራተኞች ደዌ በጻፈው መጽሐፍ ሐኪም በሽተኛውን ሥራውን እንዲጠይቅ መከረ፤ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በዚያው አቆጣጠር በ2004 ፎርማልዴሃይድን በሰው ላይ ነቀርሳ ከሚያመጡት ተራ መደበው፤ የአሜሪካ ሕግም በ8 ሰዓት ሥራ አማካይ መጠኑ ከሚሊዮን የአየር ክፍል 0.75 ክፍል እንዳያልፍ ወስኗል።

በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 አሠሪው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያስተምር ያዝዛል። አፍንጫን በጨርቅ መሸፈን ጋዙን አያግደውም፤ ስለዚህ ጨርቅ አድሎ ሕጉን ፈጸምሁ የሚል አሠሪ ገና አልፈጸመም፤ የአየር መሳቢያውን ያስገባ፣ ለጋዝ የተሠራውንም ጭንብል ይግዛ።