ከነኮልታፋነቱ የተላከ

ደብረ ሲና ከጣርማ በር ግርጌ በቁልቁለቱ ላይ ያረፈች ከተማ ናት። ስሟ የሙሴ ተራራ ስም ነው። ሙሴ በእግዚአብሔር ተራራ ሲጠራ አንደበቱ የማይፈታ መሆኑን ተናግሮ ሌላ ሰው እንዲላክ ለመነ። እግዚአብሔር ምላሱን አልፈታለትም፤ በሌላም አልተካውም። ወንድሙን አሮንን አፍ እንዲሆነው ሰጥቶ ከነኮልታፋነቱ ላከው። በዚህ ስም የምትጠራ ከተማ ምእመን ይህን ቢጠይቅ ይገባዋል፦ ቤተ ክርስቲያን አካል ጉዳተኛን ተቀበለችው የምንለው መቼ ነው?

አካል ጉዳተኛው ዛሬ በቤተ ክርስቲያን ሁለት ቦታ አለው። አንዱ ደጀ ሰላሙ ነው፤ ነጠላዋን ያጣፋች እናት በሩን ተሳልማ ስትመለስ ሳንቲም እጁ ላይ ታኖርለታለች። ሁለተኛው ጠበሉ ነው፤ ሰሜን ሸዋ እንደ ጻድቃኔ ማርያምና ሸንኮራ ዮሐንስ ያሉ ሕዝብ የሚጎርፍባቸው ጠበሎች አሉት። ምጽዋቱ ፍቅር ነው፤ የጠበሉም ተስፋ እውነተኛ ነው። በሁለቱም ዘንድ ግን ሰውየው ተቀባይ ብቻ ነው። በደጁ የጎደለውን ይቀበላል፤ በጠበሉ ሌላ ሰው እስኪሆን ይጠበቃል። ለማስቀደስ ብቻ የመጣውን ዓይነ ስውር እንኳ «ጠበል ሞክረሃል?» እንለዋለን። «በምን ታገለግላለህ?» የሚለው ግን የለም።

ጌታ ፈውሶ የለም ወይ የሚል ይኖራል። አዎን፣ ፈውሷል። ነገር ግን በዐቢይ ጾም አራተኛ ሳምንት የምናስበው መጻጉዕ፣ 38 ዓመት ታሞ ሳለ መዳን ይወድ እንደሆነ ሲጠየቅ፣ ያነሣው ደዌውን ሳይሆን ሰው ማጣቱን ነው። ፈውስ የእግዚአብሔር ነው፤ ሰው ሆኖ መገኘት ግን የእኛ ድርሻ ነው።

ኦሪት አካሉ የጎደለውን ካህን ከመሠዊያው ታርቃለች። የሐዋርያት ቀኖና ግን አንድ ዓይኑ የጠፋ ወይም እግሩ ያነከሰ ሰው የተገባው ከሆነ ኤጲስ ቆጶስ እንዲሆን ይፈቅዳል፤ የሚያረክሰው የነፍስ ነውር እንጂ የአካል ጉድለት አይደለምና። ይኸው ቀኖና መስማት የተሳነውንና ዓይነ ስውሩን ከዚህ ሹመት ቢያስቀርም፣ ምክንያቱ የቤተ ክርስቲያን ሥራ እንዳይሰናከል እንጂ ርኩሰት አይደለም። የሥራ እንቅፋት ደግሞ በሥራ ይነሣል፤ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ዛሬ የአሮንን ቦታ ይይዛል።

አካል ጉዳተኛ ማገልገል እንደሚችል ቤተ ክርስቲያናችን ከጥንት ታውቃለች። የቅኔ ትምህርት በጆሮና በቃል ስለሆነ ዓይነ ስውር መምህር ብርቅ አይደለም። ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ከየኔታ ፊት ቆሞ ይነግራል። የኔታ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ይሰሙና ቤት ያልመታው ላይ ሲደርስ ያስቆሙታል፤ ያቃኑለታል። ሲነሡ ያው ተማሪ በትራቸውን ይዞ ይመራቸዋል። እሱ መንገዱን ይመራቸዋል፤ እሳቸው ምሥጢሩን ይመሩታል። የሚያዝንላቸው የለም፤ የሚፈራቸውና የሚወዳቸው ግን ብዙ ነው።

የቡልጋው ተወላጅ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በየቤተ ክርስቲያኑ የሚሣሉት ከተሰበረው እግራቸው ጋር ነው፤ ስባረ አጽማቸው ጥር 24 ይከበራል። ሠዓሊው እግሩን መልሶ አይቀጥልላቸውም፤ ቅድስናቸው ያንን አይጠይቅምና።

ታዲያ ዛሬ የሚያግደን ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ ደረጃው ነው። አንዳንዴም ግራ መጋባት ነው፦ ጫማ ወልቆ በሚገባበት ቤት የዊልቸር ጎማ ጫማ ነው ወይስ እግር? እኔ እግር ነው እላለሁ፤ እግር እንደሚታጠብ ጭቃው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግና ይግባ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ አዝዟል፤ ቤተ ክርስቲያን ግን በዚህ ነገር ከአዋጅ ልትቀድም ይገባታል።

መቀበላችን የሚለካው በሰጠነው መጠን አይደለም። መለኪያው ሰውየው ሲቀር የሚጎድል አገልግሎት መኖሩ ነው። ዓይነ ስውሩ ሲታመም ማኅሌቱ መሪ የሚያጣ፣ መስማት የተሳናት ልጅ ስትቀር ሰንበት ትምህርት ቤቱ ሥራው የሚፈታ፣ በዊልቸር የሚሄደው ሳይመጣ ሰበካ ጉባኤው የማይወስን ከሆነ፣ ያኔ በእርግጥ ተቀብለናል። እስከዚያ ድረስ መጽውተናል እንጂ አልተቀበልንም።