የአንዱ ጉድለት የአምስቱ ዕዳ

አንድ ባለሙያ የሚቀጠረውም ሆነ የሚከበረው በሚችለው ነገር ነው። መምህሩ በዕውቀቱ፣ ድምፃዊው በድምፁ፣ ሠዓሊው በብሩሹ ይመዘናል። ታዲያ ይኸው ባለሙያ በማይችለው ነገርስ ይጠየቃልን? ጉድለቱን የማረም ግዴታ አለበትን? ወይስ የሚችለውን በሚገባ እስካበረከተ ድረስ ቀሪው የግል ጉዳዩ ነው? ጥያቄው ረቂቅ ቢመስልም፣ የባለሙያው ጉድለት በቁጥር ተመዝግቦ በአደባባይ የሚታይበት አንድ የሥራ መስክ አለ። እርሱም ኤን.ቢ.ኤ. በመባል የሚታወቀው የአሜሪካ ባለሙያዎች የቅርጫት ኳስ ውድድር ነው።

በዚህ ጨዋታ ጥፋት የተፈጸመበት ተጫዋች ነጻ ውርወራ የሚሰጠው ጊዜ አለ። ከቅርጫቱ ሰሌዳ 4.57 ሜትር ርቆ ከተሰመረው መስመር ላይ ይቆማል። የቀለበቱ ከፍታ 3.05 ሜትር ነው፤ ዛሬም ነገም አይለወጥም። ማንም አይከላከለው፣ ማንም አይረዳው፤ ተጫዋቹ የሚፋጠጠው ከራሱ ጋር ነው። ውጤቱ ግን የእርሱ ብቻ አይደለም። ተጋጣሚው ቡድን ደካማውን ወርዋሪ ለይቶ ካወቀ፣ ሆን ብሎ ጥፋት እየፈጸመበት ወደዚያ መስመር ይልከዋል። እርሱ በሳተ ቁጥር የአራቱ ጓደኞቹ ድካም ከንቱ ይቀራል፤ አሠልጣኙም ጨዋታው ሊያበቃ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ኮከቡን ከሜዳ ለማስወጣት ይገደዳል። የአንዱ ጉድለት የአምስቱ ዕዳ የሚሆነው እንዲህ ነው።

የዊልት ቻምበርሌይን ታሪክ ለዚህ ጉዳይ ዋነኛ ማስረጃ ነው። ቁመቱ 2.16 ሜትር የነበረው ይህ ተጫዋች፣ እ.ኤ.አ. በ1961–62 የውድድር ዘመን በአንድ ጨዋታ በአማካይ 50.4 ነጥብ አስቆጥሯል። መጋቢት 2 ቀን 1962 (እ.ኤ.አ.) በፔንሲልቬንያ፣ ሄርሺ ከተማ ብቻውን 100 ነጥብ ሲያገባ፣ ከ32 ነጻ ውርወራዎች 28ቱ ተሳክተውለታል። ዋና ድክመቱ ነጻ ውርወራ ለሆነ ሰው ይህ ድንቅ ነበር። ምሥጢሩም ሌላ አይደለም፤ በዚያ ዘመን ኳሱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ከጉልበቱ አካባቢ ወደ ላይ እያነሣ ይወረውር ነበር። በዚህ ዘዴ በውድድር ዘመኑ ከወረወራቸው መካከል 61.3 በመቶውን አስገብቷል፤ በሙያ ዘመኑም ከዚያ የተሻለ አላየም። ከዚያ በኋላ ዘዴውን ተወው። እ.ኤ.አ. በ1967–68 ውጤቱ 38 በመቶ ላይ ወደቀ። በሙያ ዘመኑ በጠቅላላው 11,862 ጊዜ ወርውሮ 5,805 ጊዜ ስቷል።

ለምን ተወው? እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ መልሱን በግልጽ ሰጥቷል። ከታች መወርወር ሞኝና ልፍስፍስ የሚያስመስለው ሆኖ ይሰማው ነበር። መተዉ ስሕተት መሆኑን፣ ጥሩ ጥሩ ወርዋሪዎችም በዚሁ ዘዴ እንደሚጠቀሙ ያውቅ ነበር፤ ሆኖም አልቻለም። በዚያው ዘመን ሪክ ባሪ የተባለው ተጫዋች እንዲሁ ከታች እየወረወረ፣ በኤን.ቢ.ኤ. ቆይታው ከመቶ ዘጠናውን ያስገባ ነበር።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ቻምበርሌይን ግን በሽታውንም መድኃኒቱንም ያወቀ ሰው ነበር። የጎደለው መድኃኒቱን በሰው ፊት የመዋጥ ድፍረት ነው። ይህን ስሜት እኛ በአንድ ቃል ይሉኝታ እንለዋለን። ይሉኝታ በማኅበራዊ ኑሯችን የተከበረ ልጓም ነው፤ ሰውን ከነውር ይገታል። ከሚጠበቅበት ሥራ ሲገታው ግን ራሱ ነውር ይሆናል። ይሉኝታ «ስለ እኔ ምን ይላሉ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ኃላፊነት ደግሞ «ከእኔ ምን ይጠብቃሉ?» ይላል። ሁለቱም ለሌላው የሚጨነቁ ይመስላሉ፤ የመጀመሪያው ግን ዞሮ ዞሮ የሚጨነቀው ለራሱ ነው።

እዚህ ላይ ተገቢ የሆነ መቃወሚያ ሊነሣ ይችላል። ጉድለት የተፈጥሮ ከሆነ ሰው ስለምን ይወቀሳል? ጊዜስ ውስን ሆኖ ሳለ፣ ብርታቱን ማዳበር ትቶ በድክመቱ ላይ ለምን ይባክናል? መቃወሚያው እውነት አለው። ነገር ግን ጥፋትና ኃላፊነት አንድ አይደሉም። ማንም በጉድለቱ ምንጭ አይጠየቅም፤ በአያያዙ ግን ይጠየቃል። ደግሞም ጉድለት ሁሉ እኩል አይደለም። ባለቤቱን ብቻ የሚጎዳውን ሊታገሠው መብቱ ነው፤ ሌሎች የሚከፍሉለትን ጉድለት ግን ብቻውን ይቅር ሊለው አይችልም።

የሚልዋኪ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2021 ከ50 ዓመት በኋላ ለሻምፒዮናነት ሲበቃ፣ ይህን በተግባር ያሳዩ ሁለት ሰዎች ነበሩት። ብሩክ ሎፔዝ በመጀመሪያዎቹ ስምንት የውድድር ዘመናት ሦስት ነጥብ ከሚያሰጠው ርቀት 31 ጊዜ ብቻ ሞክሮ ሦስቱን ያስገባ ረጅም የመሐል ተጫዋች ነበር። ጨዋታው ወደ ሩቅ ውርወራ ሲያዘነብል «ይህ የእኔ ሥራ አይደለም» አላለም፤ እ.ኤ.አ. በ2016–17 ብቻ 134 አስገባ። ያኒስ አንቴቶኩምፖ ደግሞ በነጻ ውርወራ ድክመቱ ይታወቅ ነበር። ለመወርወር ጊዜ ስለሚወስድ፣ የተጋጣሚ ደጋፊዎች ሴኮንዶቹን በአንድ ድምፅ እየቆጠሩ ያፌዙበት ነበር። በዚያ የማጣሪያ ዙር ያስገባው 58.7 በመቶውን ነው። ሆኖም ከመስመሩ አልሸሸም። ሐምሌ 20 ቀን 2021 (እ.ኤ.አ.) በወሳኙ ጨዋታ ከ19 ውርወራዎች 17ቱን አስገብቶ 50 ነጥብ አስቆጠረ። ከዚያም በኋላ ድክመቱ ፈጽሞ አልጠፋም። ኃላፊነት ግን ፍጹም መሆንን አይጠይቅም፤ በሰው ፊት እየሳቱም ቢሆን መሥራትን ይጠይቃል።

በዚያው ዓመት የፊላደልፊያው ቤን ሲመንስ ከአትላንታ ጋር በተደረጉት ጨዋታዎች ከ45 ነጻ ውርወራዎች ያስገባው 15ቱን ነው። በመጨረሻው ጨዋታ ከቅርጫቱ ሥር ደርሶ ሳለ ኳሱን ለጓደኛው አሳለፈ። የተከተለውም የስላቅ ናዳ ነበር። እዚህ ላይ የተመልካቹ ድርሻ ይመጣል። ሂስ ጉድለትን ከሰውየው ለይቶ ያሳያል፤ ስላቅ ሰውየውን ራሱን ጉድለት ያደርገዋል። በታረመ ቁጥር የሚሳቅበት ሰው መታረምን ይፈራል። እንግዲህ ባለሙያው ይሉኝታውን እንዲያሸንፍ የምንጠይቅ ሁሉ፣ ያን ይሉኝታ የምንመግበው እኛው እንዳንሆን መጠንቀቅ አለብን።

ነገሩ በቅርጫት ኳስ ሜዳ አይወሰንም። የማያውቀውን ምዕራፍ ዘሎ የሚያልፍ መምህር ዕዳውን ለተማሪዎቹ ያስተላልፋል። ልምምድ ላይ ከመሳት ይልቅ ዝም ማለትን የሚመርጥ የሙዚቃ ጓድ አባል ጓዶቹን በመድረክ ላይ ያጋልጣል። የእነዚህን ጉድለት የሚመዘግብ ሰሌዳ የለም፤ የሚከፍሉት ግን አሉ። ስለዚህ ማንም በሙያው የቆመ ሰው ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው «ምን እችላለሁ?» ብሎ ብቻ አይደለም፤ «የማልችለውን ማን እየከፈለልኝ ነው?» ብሎም ጭምር ነው።