ዝግታና ዳተኝነት

ሰው ሥራውን በዝግታ ቢሠራ ዳተኛ ሊባል ይገባዋልን? ታይ ቺ የሚባለው የቻይናውያን የሰውነት ማሠልጠኛ ይህን ጥያቄ ያስነሣል። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1956 ዓ.ም. የቻይና የስፖርት መሥሪያ ቤት በ24 እንቅስቃሴ አሳጥሮ ስላዘጋጀው፣ የሮቤ ነዋሪም ቢሆን በቤቱ ወለል ላይ ሊጀምረው ይችላል። ነገር ግን ጀማሪው አንዱን እግር በቀስታ አንሥቶ ክብደቱን ሁሉ በሌላው ላይ ሲያሳርፍ ጭኑ ይንቀጠቀጣል፤ የፈጣኑን ጉድለት ፍጥነቱ ሲሸፍንለት፣ ቀስ የሚለው መደበቂያ የለውምና።

የባሌም ደጋ ይህንኑ ያስተምራል። ከጎባ ተነሥቶ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው የሳነቴ አምባ የሚወጣ መንገደኛ ቢቸኩል፣ አየሩ ስስ ነውና ትንፋሹ ያጥረዋል፤ እርምጃውን ከትንፋሹ ጋር ያስማማ ግን ይደርሳል።

እንግዲህ ዝግታ ልብን በሥራ ላይ ማኖር ሲሆን፣ ዳተኝነት ልብን ከሥራ ማራቅ ነው። ማመልከቻን ሁለት ጊዜ አንብቦ የሚወስን ሹም ባለጉዳዩን ያከብረዋል፤ ሳያነብ «ነገ ተመለስ» የሚለው ግን የሰውን ቀን ይሰርቃል። ሁለቱም ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። በቤቱ ብቻውን የሚለማመድ ሰው ተመልካች እንደሌለው ሁሉ፣ በጠረጴዛው ፊት ለተቀመጠው ሠራተኛም ሁለቱን የሚለይለት የገዛ ኅሊናው ነው።