እንገላግላት ወይስ እንገላገላት?

በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ፊደል ናት። «እንገላግላት» የሚል ሰው የሚያስበው ለእንስሳዋ ነው፤ «እንገላገላት» የሚለው ግን ለራሱ። አርጅታና ታማ፣ መዳኛ ያጣች ድመት ፊቱ ተኝታ ሳለ ሰው የትኛውን እየተናገረ እንደሆነ ያውቃልን? ነገሩ ቀላል የሚመስለው አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሰን። ታላላቅ የፊቅህ ሊቃውንት ቀለም ያፈሰሱበት ጉዳይ ነውና።

በመርካቶ ድመት ለጌጥ አትያዝም። የዱባይ ተራ ባለሱቅ ድመት የሚያስጠጋው ከወለል እስከ ጣሪያ በካርቶን ተደርድሮ የሚያድረው ልብስና ጫማ የአይጥ ሲሳይ እንዳይሆንበት ነው። ጥርሷ እስካለ ድረስ ወዳጅ ናት። ስታረጅስ? ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ትከተትና ራቅ ያለ ሰፈር ትጣላለች። ባለቤቷም «መቼ ገደልኳት?» ይላል። በድመት ምክንያት ስለተቀጣችው ሴት ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን ሐዲስ እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። ያቺ ሴት ቢላ አላነሳችም፤ መርዝም አላበላችም። ድመቷን አስራ ምግብ ነፈገቻት፤ ራሷ ፈልጋ እንድትበላም አልለቀቀቻትም። ጥርስም ጉልበትም የሌላትን ድመት በማታውቀው ሰፈር መጣል ከዚህ በምን ይለያል? «ለቅቄያታለሁ» የሚለው ማመካኛ የሚሠራው ሮጣ አድና መብላት ለምትችል ድመት ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ የአጎቴ ሱቅ ድመት ነገር ነው። ከ15 ዓመት በፊት በክረምት ጎርፍ ሊወስዳት ሲል ከቱቦ አፍ ያወጧት ናት። ስም እንኳ አልወጣላትም፤ «ውሮ» ትባል ነበር። ባለፈው ዓመት ዓይኗ ጠፋ። ውሃ አብዝታ መጠጣት፣ ምግብ መተው፣ ካርቶን ላይ መሽናት ጀመረች። ጎረቤቶች «ሐጂ፣ ይገላገሏት እንጂ!» ይሏቸው ነበር። የእንስሳት ሐኪም መጥቶ አያትና ኩላሊቷ እንደደከመ፣ እንደማትድንም ነገራቸው። ከፈለጉ በመርፌ ሊያሳርፋት እንደሚችል ግን አልሸሸገም።

አጎቴ ከመወሰናቸው በፊት ሸኻቸውን ጠየቁ። በአገራችን በሰፊው ከሚከተሏቸው መዝሀቦች አንዱ የሻፊዒ ነው። የሻፊዒ ሊቃውንት ሥጋው የማይበላን እንስሳ ከሥቃይ ለማሳረፍ ተብሎ እንኳ ማረድ ክልክል መሆኑን ጽፈዋል፤ ምሳሌ የሚያደርጉትም ደዌ የጸናበትን አህያ ነው። የማሊኪ ሊቃውንት በበኩላቸው የእንስሳው ተስፋ ከተቆረጠ ይፈቀዳል ይላሉ። እኔ ወደ መጀመሪያው አደላለሁ። ምክንያቴ ነጋዴውን ማወቄ ነው፤ በሩ ወለል ብሎ ከተከፈተ ሸቀጥ ላይ የሸናች ድመት ሁሉ በማግስቱ «የማትድን» ትሆናለች። ሆኖም ሥቃይዋ ፋታ የማይሰጥ፣ ሌት ተቀን የምትጮኽ ብትሆን የማሊኪዎቹን ቃል ይዞ በሐኪም እጅ የሚያሳርፋትን ሰው ለመውቀስ አፌን አልከፍትም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ለእርድ የቀረበ እንስሳ እንኳ እንዳይሠቃይ ቢላው እንዲሳል ማዘዛቸውን ሙስሊም ዘግበዋልና።

ከሁለቱ የትኛውንም ብንይዝ ግን ለማዳበሪያ ከረጢቱ ቦታ የለውም። በ660 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት ታላቁ ዓሊም ዒዝ ኢብን አብዱሰላም እንስሳት በሰው ላይ ያላቸውን መብት ሲዘረዝሩ፣ እንስሳው አርጅቶ ወይም ታሞ ምንም ጥቅም የማይሰጥ ቢሆን እንኳ ቀለቡ ከባለቤቱ ላይ እንደማይወርድ አስፍረዋል። ልብ በሉ፣ ይህ ከ750 ዓመት በላይ የሆነው ነገር ነው! ለሰው ልጅ እንኳ የጡረታ ሕግ ባልነበረበት ዘመን መሆኑ ነው። አይጥ መያዝ ያቆመች ድመትም ጡረታ ወጣች እንጂ ከባለሱቁ ጋር የነበራት ሒሳብ አልተዘጋም።

ውሮ የምትጮኽ አልነበረችም፤ ደክማ ትተኛ ነበር። ስለዚህ አጎቴ መርፌውን ትተው ማስታገሻ መድኃኒት ብቻ ተቀበሉ። ከካርቶኖቹ ራቅ አድርገው አሮጌ ጋቢ አነጠፉላት፤ የሥጋ መረቅ በጣታቸው እያስነኩ ያስልሷት ነበር። ሶሓባው አቡ ቀታዳ ለዉዱእ ከተቀዳላቸው ውሃ ድመት ልትጠጣ ስትመጣ ዕቃውን ዘንበል እንዳደረጉላት፣ ድመት ነጃሳ አለመሆኗንና በዙሪያችን ከሚመላለሱት መሆኗንም ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) መስማታቸውን እንደተናገሩ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል። አንገቷን ማቅናት ላቃታት ድመት አጎቴም ዕቃውን እንዲሁ ያዘነብሉላት ነበር። ደንበኛ ቆሞ ሲጠብቃቸው አይቻለሁ። የሚያጉረመርም ነበር፤ ዝም ብሎ የሚያይም ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ ሞተች። መርካቶ ውስጥ ለመቅበሪያ የሚሆን አንድ ክንድ ባዶ አፈር ማግኘት ሱቅ ከመከራየት ይከብዳል። በጋቢው ጠቅልለው ኮልፌ ወዳለው ግቢያቸው በታክሲ ይዘዋት ሄዱ። ረዳቱ የታቀፉት ምን እንደሆነ ሲጠይቃቸው «ዘበኛዬን ነው» አሉት።