ቀመር ይመለሳል፤ ዕድሜ ግን አይመለስም

በባሕረ ሐሳብ ከሚነገሩት ዐውዶች ሁሉ ታላቁ 532 ዓመት ነው፤ ሊቃውንትም ዐቢይ ቀመር ይሉታል። ትውፊታችን ይህን የቁጥር ትምህርት ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለቅዱስ ድሜጥሮስ ይሰጣል። ብዙዎች በዓልን ለማወጅ ብቻ ይፈልጉታል፤ እኛ ግን የቁጥሩን ጠባይና ለነፍስ የሚሰጠውን ምክር ጥቂት እንመረምራለን።

የሳምንት ዕለታት 7፥ የወንጌላውያን ዘመናት 4 ናቸው፤ ሁለቱ ሲባዙ 28 ይሆናሉ፥ ይኸውም ዐውደ ፀሐይ ነው። የጨረቃ ሐሳብ ደግሞ በ19 ዓመት ወደ መነሻው ይመለሳል፤ ይህም ዐውደ አበቅቴ ነው። ቁጥሮች የጋራ አካፋይ ሲኖራቸው ፈጥነው ይገናኛሉ፤ 12ና 18 በ36 እንደሚገናኙ ማለት ነው። 19 ግን ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም፤ 28ንም አያካፍልም። ስለዚህ ሁለቱ ከ19 ጊዜ 28 አስቀድሞ አይገናኙም፤ ይህም 532 ነው። በዚህ ዘመን ውስጥ 194,313 ቀናት አሉ፤ እነርሱም 27,759 ሳምንታት ናቸው፥ አንዲት ቀን እንኳ አትተርፍም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ቁጥር ሳይጎድልና ሳይተርፍ የሚመለስ ከሆነ፥ ዘመንም ይመለሳልን? ከግሪክ ፈላስፎች ኢስጦኢኮች ዓለም በየዙሩ ያው ሆኖ ይደገማል ብለው ያስተምሩ ነበር። እኛ ግን እንዲህ አንልም። የ2018 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 4 ቀን ነው። ከዚያ 532 ዓመት አስቀድሞ፥ በ1486 ዓ.ም. በዐፄ እስክንድር ዘመንም ፋሲካ ሚያዝያ 4 ቀን ነበረ። ቀኑ ተመለሰ፤ በዚያች ሌሊት ያስቀደሱት ሰዎች ግን ከእነርሱ አንድ ስንኳ አልተመለሰም።

ምክንያቱም ቁጥር የነገርን ስፍራ ያሳያል እንጂ ነገሩን ራሱን አይመልስም። ጨረቃ እንኳ ለሐሳቡ ፈጽማ አትታሰርም፤ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት እንደ ለኩት በየ19 ዓመቱ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ትቀድመዋለች። ፍጹምነቱ የቁጥሩ ነው፤ ፍጥረት ግን በፈጣሪዋ እጅ ናት።

ከዚህ የሚበልጥ አደጋ በልብ አለ። ጾም በየዓመቱ ስለሚመለስ ዘንድሮ ያልጾምሁትን ለከርሞ እጾማለሁ የሚል፥ ወንድሙንም በድሎ በሚመጣው ፋሲካ እታረቃለሁ ብሎ ቀን የሚቀጥር ሰው፥ የቀመርን ጠባይ ለራሱ ዕድሜ ሰጥቷል። ፋሲካ በቀኑ ይመጣል፤ ወንድሙ ወይም እርሱ ራሱ ለዚያ ቀን ይደርስ እንደ ሆነ ግን አበቅቴና መጥቅዕ አይናገሩም።

የዓመተ ዓለም 15ኛው ዐቢይ ቀመር በ1949 ዓ.ም. ጀመረ፤ በ2480 ዓ.ም. ይፈጸማል። በመጀመሪያው ዓመት የተወለደ ሕፃን ዛሬ ሸምግሏል፤ ፍጻሜውንም አያይም። ስለዚህ በዓልን የምናውጅ ካህናት ሆይ፥ የምትሰሙም ምእመናን ሆይ፥ ቀኑን ስንቆጥር የተቈረጠልንንም ዕድሜ እናስብ። ቀመሩ ይጠብቃል፤ ዕርቅና ንስሐ ግን የዛሬ ናቸው።