ቤት ለሌለው ሰው ሥዕል ምን ያደርግለታል?

ማደሪያ ያጣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ምግብና መጠለያ እንደሚያስፈልገው የሚክድ የለም። ነገር ግን እንዲህ ያለ ሰው ቀለምና ወረቀት ቢሻ ቅንጦት ፈለገ እንበለውን? ለዚህ ጥያቄ የቢል ትሬለርን ሕይወት መመልከት ይጠቅማል።

ትሬለር በ1853 (እ.ኤ.አ.) ገደማ በአሜሪካ፣ በአላባማ ግዛት፣ በባርነት ተወለደ። ባርነት ከቀረም በኋላ አብዛኛውን ዕድሜውን በእርሻ ሥራ አሳለፈ። በእርጅናው ወደ ሞንትጎመሪ ከተማ መጥቶ ጉልበቱ ሲከዳው ማደሪያ አጣ። ሌሊቱን ሬሳ ገንዞ በሚያስቀብር ድርጅት የኋላ ክፍል፣ በሣጥኖች መካከል ያድር፣ ቀኑን በጥቁሮች ሰፈር መንገድ ዳር ተቀምጦ ይውል ነበር። በ1939 ገደማ፣ ዕድሜው ከሰማንያ ካለፈ በኋላ፣ በእርሳስና በቀጥ ያለ የእንጨት ቁራጭ በተጣለ ካርቶን ላይ መሣል ጀመረ፤ በቅሎዎችን፣ ውሾችን፣ የሚሸሹና የሚያሳድዱ ሰዎችን። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሺህ በላይ ሥዕሎች ሠራ። ቻርልስ ሻነን የተባለ ወጣት ሠዓሊ ንጹሕ ካርቶን ቢያመጣለትም፣ አረጋዊው እድፍ ያለበትንና ጠርዙ የተቀደደውን ይመርጥ ነበር። እድፉንም የሥዕሉ አካል ያደርገው ነበር።

እኛ መከራ ያየውን ሰው ብዙ ጊዜ «እርሳው» እያልን እናጽናናለን። ይህ ምክር ከፍቅር የመነጨ ቢሆንም አይፈውስም። የተደበቀ ትዝታ በባለቤቱ ላይ ጌታ ይሆናልና። በካርቶን ላይ ሲሰፍር ግን ሰውየው ፊት ለፊት ያየዋል፤ መጠኑንና ቀለሙንም የሚወስነው እርሱ ነው። ትሬለር በልቡ ምን እንደተሰማው መናገር አልችልም፤ ለእኔ ግን በእጁ ሥራ ውስጥ የፈጣሪው አምሳል ይታየኛል። ጌታችንም ከሙታን ሲነሣ ቁስሉን አልሰወረውም፤ ለቶማስ አሳየው እንጂ።

ይሁንና ፈውስ ስንል እንጠንቀቅ፤ ሥዕሉ ቤት አልሆነውም። ሥራውን ያዩለት ጥቂቶች ነበሩ፤ እግሩንም በሕመም ምክንያት ተቆረጠ። በ1944 በዚያው ከተማ በቅዱስ ይሁዳ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ተጠመቀ፤ በ1949 ዐረፈ። በ2018 በዋሽንግተን ታላቅ ሙዚየም ሥራዎቹ ለብቻቸው በሰፊው ታዩ። መቃብሩም ስሙ የተቀረጸበት ድንጋይ የቆመለት በዚያው ዓመት ነው።