የጠገበ ሆድ፣ የተራበ ገላ



ረሃብ ሲነሣ የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ ድርቅና ወደ ዕርዳታ እህል ይሮጣል። 1977ን ያየ ሕዝብ እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። እኔ ዛሬ የማነሣው ግን ጎተራው ባልጎደለ ቤት ውስጥ ስላለው ረሃብ ነው። ልጁ እንጀራ በሽሮ በልቶ፣ ሆዱ ሞልቶ ይተኛል፤ ቁመቱ ግን ከእኩዮቹ ያንሳል፣ ተቅማጥ አይለየውም፣ ትምህርቱም ይከብደዋል። ሐኪሞች መቀንጨር ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2019 በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ ሆነው ተገኝተዋል።

እህል ጉልበት ይሰጣል፤ ብቻውን ግን ገላ አይገነባም። ብረት ሲጎድል ደም ያንሳል፤ አዮዲን ሲጎድል እንቅርት ይወጣል፣ የፅንሱም አእምሮ ይጎዳል፤ ቫይታሚን ኤ ሲጎድል ዳፍንት ይከተላል። በምግብ የተጎዳ ሕፃን በሽታ የመከላከል አቅሙ ስለሚደክም ኩፍኝና የሳንባ ምች ይበረቱበታል፤ ተቅማጡም የበላውን ይነጥቀዋል። አንዳንዴ እግሩና ፊቱ ሲያብጥ «ወፈረ» ይባልለታል። እብጠቱ ግን የከባድ ምግብ እጥረት ምልክት ነውና ቡዳ ነው እያሉ ማቆየት ሳይሆን ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ማድረስ ይገባል።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት የሚደርሰው ከፅንስ እስከ ሁለት ዓመት ባሉት 1,000 ቀናት ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ማካካሱ እጅግ ያስቸግራል። ሱብሐነላህ! አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራህ ጡት የማጥባቱን ጊዜ ሁለት ሙሉ ዓመት ብሎ ሲደነግግ፣ በዚያው አንቀጽ የእናቲቱን ምግብና ልብስ በአባት ላይ ጥሏል። የመጀመሪያውን ክፍል ሁላችንም እንጠቅሳለን። ሁለተኛውንስ?

ወንድሞቼ፣ እስኪ ቤታችንን እንመርምር። እንቁላሉ ገበያ ይወጣል፣ ወተቱ ይሸጣል፣ በገንዘቡ ጫት ይገዛል። (ጫቱን የሚቅመው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም።) ነፍሰ ጡሯ እናት ደግሞ ወንዶች በልተው ሲነሡ የተረፈውን ትቀምሳለች። ይህ ድህነት ብቻ ነው ብላችሁ እንዳትነግሩኝ፤ ያለውን ማን ይብላው የሚለው ፍርድም አለበት።

ረመዷንም ሲመጣ ሌላ ነገር አለ። እርጉዝ ወይም የምታጠባ ሴት ለራሷ ወይም ለልጇ ከፈራች ማፍጠር እንደተፈቀደላት ዑለማዎቻችን ይናገራሉ፤ የተለያዩት በቀዷእና በፊድያው ላይ ነው። ሆኖም ስንቷ ሴት አማቷንና ጎረቤቷን አፍራ፣ ራሷ እየዞረባት ትጾማለች! አላህ የሰጣትን ሩኽሷ በይሉኝታ የምንነፍጋት እኛ ማን ነን?

ኢማሞቻችን ይህን ጉዳይ ከጁምዓ ኹጥባ አንዱን ቢሰጡት ምን ይጎድላል? ሕፃኑ እስከ ስድስት ወር ውሃም ሳይጨመርበት ጡት ብቻ ይጥባ፤ ከዚያ በኋላ ከጡቱ ጋር እንቁላል፣ ወተት፣ የባቄላ ወይም የምስር ዱቄት የገባበት ገንፎ ይቅረብለት። ዘካና ሰደቃ የሚያከፋፍሉ ወገኖችም ከአንድ ቤት በር ላይ እህል አስቀምጠው ከመመለሳቸው በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፤ በዚህ ቤት ያረገዘች ወይም የምታጠባ አለች ወይ? ካለች፣ ከእህሉ ላይ እንቁላልና ጥራጥሬ ይጨመርላት፤ ባሏም እየሰማ በስሟ ይሰጣት።